መጀመሪያ «ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ «ደስ ይላል፣ አንብበው» ብለው ነው የላኩት። ሦስተኛው ታሪኬን የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ምንም ሳይል ነው የላከው። ገባኝ። ነገሩ ለእኔ ነው።

ጽሑፉ ስለ ክርስቲያናዊ ይቅርታ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የተበደለ ክርስቲያን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቅር ማለት አለበት። ይቅር ያለ ሰው ይረሳል፤ ካልረሳ ይቅር አላለም። ይቅር ያለ ሰው አይከስም፣ በደሉንም ለሌላ ሰው አያወራም። ከበደለው ሰው ጋር እንደ ድሮው ይሆናል። ይሄን ያላደረገ ጸሎቱ አይሰማም። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ የአንዲት ሚስት ታሪክ ያመጣሉ። እሷ ጋ ስንደርስ እናወራለን።

ከምስማማበት ልጀምር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። እውነት ነው። ቂም የያዘ ሰው የትም ቢደበቅ ያስለዋል። ጠላቶቻችሁን ውደዱ የሚለውም ትእዛዝ ነው፤ ደስ ያለው ይውሰደው ተብሎ የቀረበ አይደለም። ይቅርታን ከክርስትና ካወጣችሁት ብዙ የሚተርፍ ነገር የለም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። የምንለያየው ይቅርታ ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። በዳዩ አንድም የቤት ሥራ አልተሰጠውም። ሥራው ሁሉ የተበደለው ጫንቃ ላይ ነው። ይርሳ፣ ዝም ይበል፣ ይመለስ፣ ፈገግ ይበል። በዳዩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። ይቅርታ «ይቅር» ከሚለው ነው። ይቅር፣ ይተው። አንድ ነገር ይቅር የሚባለው መኖሩ ሲታወቅ ነው። የሌለ ዕዳ ማንም አይተውም። በግዕዙ አባታችን ሆይ ላይም «ኅድግ ለነ አበሳነ» ነው የምንለው፤ ተውልን ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌል ግሪክኛው ደግሞ ጭራሽ በቁሙ ዕዳ ይለዋል። ዕዳችንን ተውልን።

ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ሲጠይቅ ክርስቶስ የመለሰለት በሂሳብ ታሪክ ነው። አንዱ ባሪያ የጌታው እልፍ መክሊት አለበት፤ እልፍ አሥር ሺህ ነው። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደሞዝ ነው። ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን መሆኑ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ጌታው ተወለት። ያው ሰውዬ ገና ከበር ሳይርቅ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አነቀው።

ጸሐፊው ይሄን ምሳሌ አንስተዋል። «መቶ ዲናር ኢምንት ነው፤ በኢምንት ነገር አትጣሉ» ይላሉ። እኔ ደግሞ መቶውን ቆጠርኩት። የመቶ ቀን ደሞዝ ነው። ከሦስት ወር በላይ። ሦስት ወር ደሞዝ ያልገባለትን ሰው «ኢምንት ነው» በሉትና ፊቱን እዩት። ክርስቶስ አንድ ዲናር ማለት ይችል ነበር። መቶ አለ። ከእልፍ መክሊት ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ለብቻው ግን ያማል፤ መታመሙንም ምሳሌው አልካደም።

ለምን እዚህ ላይ ቆምኩ? ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሽርክና እንሠራ ነበር። አብረን እንዘምር ነበር። አንድ ቀን የጋራ ሂሳባችንን ባዶ አድርጎ ጠፋ። ከወራት በኋላ ተመለሰና አንድ አገልጋይ አስታራቂ ሆነው ጠሩን። «ክርስቲያኖች አይደላችሁም እንዴ? በሉ ተቃቀፉ።» ነገሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ተቃቀፍን። አገጬ ትከሻው ላይ እያለ የሸሚዙን ኮሌታ አየሁ። አዲስ ነበር፣ ገና አልታጠበም። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። አገልጋዩ አጨበጨቡ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስደምር ስቀንስ ነበር።

ከዓመት በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ቄስ ያገኘሁት። ነገሩን በጨረፍታ ነገርኳቸው፤ «ግን ይቅር ብያለሁ፣ አልፏል» ብዬ ደመደምኩ። ዝም ብለው አዩኝና «ስንት ነው የወሰደብህ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ቁጥሩን ነገርኳቸው። «ከገንዘቡ ሌላስ?» አሉኝ። ያኔ ነው የወጣልኝ። ስለ አሰናበትኳቸው ሠራተኞች፣ ሰው በጎን ስለሚያየኝ አስተያየት፣ መዘመር ስላቆምኩበት ምክንያት። ሁለት ሰዓት አወራሁ። ስጨርስ «እንግዲህ የምትተወው ይሄን ሁሉ ነው። ከብዶሃል?» አሉኝ። ከብዶኛል አልኩ። «ታዲያ ቀስ ብለህ ተወው» አሉኝ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ» ወደሚለው ስመለስ ያንን «ቀስ ብለህ» ይዤ ነው። ጥቅሱ ኤፌሶን 4፥26 ነው። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ።» ጸሐፊው ሁለተኛውን ግማሽ ወስደው የመጀመሪያዋን ቃል ትተዋታል። «ተቆጡ» ይላል እኮ። ቁጣው እንዳያድርና እንዳይሻግት ነው የተነገረው እንጂ የዕድሜ ልክ ስብራት በአንድ ቀን ይጠገን አልተባለም።

ዮሴፍን ተመልከቱ። ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞላው። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አለፉ፣ ረሀቡም ሁለት ዓመት ሆነው፣ ያኔ ነው ራሱን ለወንድሞቹ የገለጠው። 22 ዓመት ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲያያቸውም አልሮጠም፤ ባዕድ መሰላቸው። ዘወር ብሎ አለቀሰ። ስምዖንን ያዘባቸው። ብንያምን አምጡ አላቸው። ብዙ ሰባኪ ይሄን ክፍል በፍጥነት ያልፈዋል፤ ዮሴፍን ቂመኛ የሚያስመስል ይመስለዋል። እኔ ግን ያለዚህ ክፍል ታሪኩ አይገባኝም። «እንሽጠው» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ይሁዳ ነበር። ያው ይሁዳ አሁን በብንያም ፋንታ እኔን ባሪያ አድርገኝ ብሎ ቆመ። ዮሴፍ ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ያኔ ነው። ሰውዬው ተለውጧል። ዮሴፍ እያለቀሰም ቢሆን በደሉን በስሙ ጠራው፤ «ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ እኔ ወንድማችሁ ዮሴፍ ነኝ» አለ። የጠፋሁት አላለም። የሸጣችሁኝ አለ።

በዚያው ቀን ይቅር በማለት ነጥብ ላይ ጸሐፊው ጠንካራ ምሳሌ አላቸው፤ መካድ አልችልም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2006 በፔንስልቬንያ፣ ኒክል ማይንስ በሚባል ቦታ፣ አንድ ታጣቂ የአሚሽ ክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ገብቶ አሥር ሴት ልጆችን ተኩሶ መታ። አምስቱ ሞቱ። እሱም ራሱን ገደለ። የአሚሽ ሰዎች በዚያው ዕለት ወደ ገዳዩ ቤተሰብ ሄደው አጽናኑ። ቀብሩም ላይ ተገኙ። ይሄን ሳነብ እኔም አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም «በሉ ተቃቀፉ» አላላቸውም፤ ከገዛ ልባቸው ነው የሄዱት። ደግሞም በዚያው ወር ያንን ትምህርት ቤት አፈረሱት። አዲስ ሠርተው ልጆቹን ወደዚያ አዛወሩ። ይቅር ያሉ ሰዎች ልጆቻቸውን እዚያው ክፍል ውስጥ መልሰው አላስቀመጡም።

መርሳትን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለው ጨርሰውታል። ጸሐፊው ኤርምያስ 31ን ይጠቅሳሉ፤ እግዚአብሔር «ኃጢአታቸውንም ከእንግዲህ ወዲህ አላስብም» ይላልና። እግዚአብሔር ግን የማስታወስ ችግር የለበትም። አልይዝባቸውም፣ አልጠይቃቸውም ማለት ነው። መርሳት ግዴታ ቢሆን ኖሮ የጸሎተ ሃይማኖት ነገር ምን ሊሆን ነው? እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከጸናው ጊዜ ጀምሮ ክርስቲያኖች በዚህ ጸሎት እምነታቸውን ሲናገሩ የጲላጦስን ስም ይጠራሉ። በየቀኑ። ይሄው ከ1,600 ዓመት በላይ ሆነው፤ ሰውዬው አልተረሳም። ከሙታን የተነሣው ጌታስ ለቶማስ ምን አሳየው? የችንካሩን ምልክት።

እዚህ ላይ «ፍቅር በደልን አይቆጥርም» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አንተ ግን ቁጠሩ ትላለህ። አዎ እላለሁ። ጳውሎስ የከለከለው ነገ ለመሰብሰብ ደብተር መያዝን ነው። ቀጥሎ ያለውን መስመር ደግሞ አንብቡ፤ ፍቅር «ከእውነት ጋር ደስ ይለዋል እንጂ ስለ ዓመፃ ደስ አይለውም» ይላል። እኔ ለሽማግሌው ቄስ የቆጠርኩት እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩን መዝጋት የጀመርኩት። ሳይከፈት አይዘጋማ።

አትክሰስ፣ ለሰው አታውራ የሚለውን በጣም የምቃወመው ነው። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለበት ማቴዎስ 18 ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ምን አለ? «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው።» ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። እነሱንም እንቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት። ይሄ ዝምታ ነው እንዴ? ሉቃስ 17 ላይም «ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ነው የሚለው። ተግሣጹ ከፊት ነው ያለው። እርግጥ በዳዩ ባይጸጸትስ ዝንተ ዓለም ልቤ ይታሰር ማለት አይደለም። ክርስቶስ መስቀል ላይ ሆኖ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ሲል ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። በልብ መተው የእኔ ድርሻ ነው፣ ብቻዬን እችለዋለሁ። መታረቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቀዋቸዋል።

ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታሰረ። ሲነጋ ሹሞቹ በዝምታ ሊለቁት ላኩ። እንቢ አለ። ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ መጡም። የዚያችው ሌሊት የወኅኒ ጠባቂ ግን ራሱን ሊገድል ሲል «በራስህ ክፉ አታድርግ» ብሎ ያዳነው ይኸው ጳውሎስ ነው። ለጠባቂው ራራለት፣ ሹሞቹን ጠየቃቸው። ቆይቶም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። አማኝ ወንድሙን በማያምኑ ፊት አይክሰስ ብለው አንደኛ ቆሮንቶስ 6ን የሚጠቅሱብኝ ሰዎች ቁጥር 5ን አብረው ያንብቡልኝ። በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ ስንኳ አስተዋይ የለምን ይላል። ፍርድ ፈልጎ ነው የተቆጣው።

የሮሙ ጳጳስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም በጽሑፉ ተነሥተዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 መሐመት አሊ አጃ ተኩሶ አቆሰላቸው። ይቅር አሉት። በ1983 ታኅሣሥ እስር ቤት ድረስ ሄደው አጠገቡ ተቀምጠው አወሩት። ድንቅ ነው። ጸሐፊው ያልነገሩን ግን አጃ ከዚያ ጉብኝት በኋላም እስር ቤት መቆየቱን ነው። ከጣልያን እስር ቤት የወጣው በ2000 በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ነው። ይቅርታውም ፍርዱም ጎን ለጎን ሄዱ፤ አንዱ ሌላውን አላፈረሰም። (እኔ በበኩሌ ጓደኛዬን አልከሰስኩም። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት ስላልነበረኝ ነው።)

ስለ ጉንጭ አንድ ነገር ብቻ። ሁለተኛውን ጉንጭ ስጥ ያለው ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። ዮሐንስ 18፥23። አልመታም፣ አልሸሸም፣ ዝምም አላለም።

አሁን ወደ ሚስቲቱ። እንደ ጽሑፉ ባሏ ይደበድባታል። ሰባት ጊዜ ወጣች፣ ሰባት ጊዜ ተመክራ ተመለሰች። ስምንተኛው ላይ ባል ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ተለወጠ። «ይቅርታ አሸነፈ» ይላሉ ጸሐፊው። ተለውጦ ከሆነ ደስ ይለኛል። ግን በስምንተኛውም ባሏ ያልተለወጠላት ሴት ምስክርነት ልትሰጥ መድረክ ላይ አትወጣም። አንዳንዷ ከነጭራሹ በሕይወት የለችም። ከዱላ ስር የወጣችን ሴት «ይቅር ካልሽ ተመለሺ» የሚል ሰው ስለ ይቅርታ እያስተማረ አይደለም። ሰው ወደ ዱላ እየመለሰ ነው። ደግሞ እነዚያን ሰባት ጊዜያት ማነው የመከራት? ደብዳቢውን ቁጭ አድርጎ የመከረውስ ማነው? ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ዳዊትን ላምጣላቸው። ሳኦል ጦር ወርውሮበታል፣ አንዴ ብቻም አይደለም። ዳዊት ሁለት ጊዜ ሊገድለው እየቻለ ተወው። በዚፍ ምድረ በዳ ሌሊት ሰፈሩ ገብቶ ከራስጌው ጦሩንና የውኃ ኮዳውን ብቻ አነሣ። ከዚያ ተራራ ላይ ወጥቶ ተጣራ። በመካከላቸውም ሰፊ ስፍራ ነበረ ይላል መጽሐፉ። ይቺን ዓረፍተ ነገር እወዳታለሁ። ሳኦል በድያለሁ፣ ልጄ ዳዊት ሆይ ተመለስ፣ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህም አለው። ዳዊት ምን አለ? የንጉሡ ጦር ይኸውና፣ ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ይውሰደው። እሱ ራሱ ይዞለት አልወረደም። ሳኦል ወደ ቤቱ፣ ዳዊት ወደ መንገዱ ሄደ። ያ ሁሉ ሆኖ ሳኦል ሲሞት ልብሱን ቀዶ ያለቀሰው፣ ሙሾ ያወረደለት ዳዊት ነው። ይሄ ሰው ሳኦልን አልወደደውም የሚል ይኖራል?

ከእንግዲህ እንደ ድሮው ሁኑ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሮሜ 12፥18ን አንብቡለት። «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ይላል። ቢቻላችሁ። በእናንተ በኩል። ጳውሎስ ሁለት በር ክፍት አድርጎ ነው ያለፈው።

ጸሎት አይሰማም የምትለዋ ማስፈራሪያ ቀረች። ስትጸልዩ ይቅር በሉ የሚለው ማርቆስ 11፥25 አለ፣ አልክድም፤ እኔንም ሲያስፈራኝ ኖሯል። ግን መዝሙረ ዳዊትን ክፈቱ። ጥርሳቸውን ስበር፣ እንደ ሥራቸው ስጣቸው የሚሉ ጸሎቶች እዚያው የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ናቸው። የተናደደ ሰው ንዴቱን ይዞ መጥቶ እግዚአብሔር ፊት ሲዘረግፈው ማንም በር አልዘጋበትም። ይቅር ማለት እፈልጋለሁ ግን አልቻልኩም ማለትም ጸሎት ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ጓደኛዬ ባለፈው ወር ደወለልኝ። ስልኩ ላይ ስሙን ሳይ የድሮው ነገር ትንሽ ነካ አደረገኝ፤ ግን አነሣሁት። እናቱ ታማለች። በጸሎት አስባት አለኝ። ስሟን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ጻፍኩት። በነጋታው ሄጄ ጠየቅኳት። በር ድረስ ሸኘኝና አዲስ ሥራ ሊጀምር እንዳሰበ፣ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። እግዚአብሔር ይርዳህ አልኩትና ወጣሁ።